ጥቅስ በስልክ ለምታጠኑ ልጆቼ

አንዲት ወጣት «መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው ስልኬ ውስጥ እያለ በቃል ማጥናት ምን ያደርግልኛል? ካጠናሁስ የትኛው አፕ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ወዲያው መለስኩላት። የመጀመሪያው ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ በነርስነት ዘመኔ ካስታመምኳቸው ሰዎች ከልቤ ያልወጡ አንድ አባት አሉና።

ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ነበሩ። የተጎዳው የአንጎላቸው ግራ ክፍል ስለነበር ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሐኪሞች አፌዥያ የሚሉት ችግር ደግሞ ንግግራቸውን ወስዶታል። የምንላቸውን ይረዳሉ፤ ውኃ ሲጠማቸው ግን «ውኃ» የሚለው ቃል አይመጣላቸውም። የገዛ ልጃቸውን ስም ለመጥራት ሲታገሉ እንባቸው ይወርድ ነበር። አንድ ሌሊት መድኃኒት ልሰጣቸው ስገባ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» አሉ። ጥርት አድርገው። «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል» ብለው ቀጠሉ። ቃል መርጦ የመናገር ችሎታ ሲጠፋ በአፍ ብዙ የተደጋገመ ጸሎት፣ መዝሙር ወይም የቁጥር ቆጠራ ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ ተምሬአለሁ። በጆሮዬ ስሰማው ግን ቆሜ ቀረሁ።

«በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» ላይ ሲደርሱ ተቋረጠባቸው። መልሰው ጀመሩት፤ እንደገና እዚያው ላይ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አንድ ሐረግ ባቀብላቸው የቀረው ተከታትሎ ይመጣላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። መዝሙሩን ሳነበው አውቀዋለሁ፣ ሲነበብ ስሰማው አውቀዋለሁ፤ ከአፌ ግን አልወጣም። እጃቸውን ይዤ ዝም አልኩ። በነጋታው መጽሐፉን ይዤ ስገባ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውረዋል። «አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም» የሚለውን ሳልላቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

አፑን በተመለከተ፣ ለልጅቷ አንኪ የሚባለውን የማጥኛ ካርድ አፕ ነገርኳት፤ ጥቅሱን በራሷ ቋንቋ ጽፋ፣ በፊቱ ጥያቄ በጀርባው መልስ ያለው ካርድ መሥራት ትችላለችና። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከዚህ በመነሳት ካርዱን ልትረሱት ስትቃረቡ ያመጡላችኋል፤ ካስታወሳችሁት ቀጣዩን ቀጠሮ ያርቁታል። ቃላቱን ቀስ በቀስ የሚደብቁ ወይም የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የሚያሳዩም አሉ። እነዚህም ጥሩ ናቸው።

የዛሬ ልጆች ግን ቁጥር ትወዳላችሁ። ስንት ቀን ሳላቋርጥ ገባሁ፣ ስንት ጥቅስ ጨረስኩ! ጥቅሱን በሚያምር ምስል ላይ ጽፎ መለጠፍም እንደ ማጥናት ተቆጥሯል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ እኔ ራሴ ስልኬ በየማለዳው ባያስታውሰኝ ኖሮ መዝሙር 119ን አልሞክረውም ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩም ከረዳችሁ ተጠቀሙበት። ያ መዝሙር 176 ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጡ በ22ቱ ፊደላት ቅደም ተከተል ስምንት ስምንት እየሆነ የተደረደረ ነው። በቃል ለሚይዝ ሰው ምንኛ የሚያግዝ አሠራር ነው! በትርጉም ሲነበብ ያ እርዳታ ስለሚቀር ስምንት ስምንቱን ለየብቻ እይዛለሁ።

አንድ ትርጉም ምረጡና አትቀያይሩ። ዛሬ ከ1954ቱ፣ ነገ ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ብታጠኑ ሁለቱ አፋችሁ ላይ ይጋጫሉ። ከሁሉም በላይ ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት ጥቅሱን ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። በሐሳብ ብቻ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብላችሁ የምታልፉት እኔን ያታለለኝ ዓይነት ማወቅ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ካለ አንዱን መስመር እናንተ፣ ቀጣዩን እሱ ይበል፤ አፑ ይህን አያደርግላችሁም።

የተነጣጠሉ ጥቅሶችን ከመልቀም አንድ ምዕራፍ ብትይዙ እመርጣለሁ። መዝሙር 121 ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፤ በእሱ ጀምሩ፤ ከዚያ 23ን፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር።