ስለ አርኪዮሎጂ ለሕዝብ ንግግር ማዘጋጀት ለፈለጉት መምህርት

የተከበሩ መምህርት፣ በትምህርት ቤትዎ በኩል ስለ አርኪዮሎጂ ለጎንደር ከተማ ሕዝብ ተከታታይ ንግግር ለማዘጋጀት ማሰብዎን ገልጸው፣ «ሰው ይመጣል ወይ? ከመጣስ በምን ርእስ ብንጀምር ይሻላል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ከጥቂት ባልንጀሮቼ ጋር በዚህችው ከተማ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት እንዲህ ያለ ዝግጅት ሳሰናዳ ስለቆየሁ፣ ከተሳካልንም ካጠፋነውም ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ። ሰው ይመጣል። የሚመጣው ግን ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ለመጠየቅና በእጁ ያለውን ለማሳየትም ነው፤ ዝግጅቱም ከመጀመሪያው ይህን አስቦ መሰናዳት አለበት።

የመጀመሪያው ዝግጅታችን ይህን ባለማሰባችን ተበላሽቶብናል። ትልቅ አዳራሽ ተከራይተን፣ ከአዲስ አበባ ምሁር ጋብዘን፣ ወንበሩም ሞልቶ ሳለ፣ የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት የክብር እንግዶች ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰዱ። ምሁሩ ተራ ሲደርሳቸው ስላይዶቻቸው በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሆነው ተገኙ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርሱም መብራት ጠፋ። ለጥያቄ የተረፈው አምስት ደቂቃ ነበር። ከኋላ ረድፍ ላይ ከአዘዞ በኩል የመጡ አንድ አባት በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሯቸውን ሁለት ገሎች እንደያዙ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ቆዩ፤ ዕድል የሰጣቸው ሰው ግን አልነበረም። በሩ ላይ ደርሼባቸው «ሌላ ቀን አምጧቸው፣ እናያቸዋለን» ብላቸውም ተመልሰው አልመጡም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ንግግሩን ወደ ሠላሳ ደቂቃ አሳጥረን፣ የቀረውን ጊዜ በሙሉ በአዳራሹ መካከል ለምናኖረው ረጅም ጠረጴዛ ሰጠነው። በጠረጴዛው ላይ የምንዘረጋው ከየቤቱ የለቀምነውን የዘመናችንን ስብርባሪ ሸክላ ነው፤ የጋን፣ የእንስራ፣ የድስትና የጀበና ገል ተደባልቆ ይቀመጥና አድማጩ የትኛው የምን እንደነበር እንዲለይ ይጠየቃል። አንድ እሑድ ጠላ በመጥመቅ የሚተዳደሩ እናት ወፍራሙን ገል አንሥተው፣ አውራ ጣታቸውን በውስጠኛው ገጽ ላይ ካዘዋወሩ በኋላ «ይህ የጠላ ጋን ነው፤ ጠላው ውስጡን በልቶታል» አሉ። ቀርቤ ስመለከተው የውጩ ገጽ እንደለሰለሰ ሲሆን ውስጡ ግን ተሸርሽሮ ጥቃቅን ጉድጓድ አውጥቷል። የዕለቱ ተናጋሪ በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞ ሕዝብ መካከል የተደረገ ጥናት ያንኑ ማሳየቱን፣ መጠጡ ሲፈላ የሚፈጠረው አሲድ የዕቃውን ውስጥ እንደሚሸረሽረው፣ አርኪዮሎጂስቶችም በዚህ ምልክት ጥንታዊ የመጠጥ ዕቃን ከማብሰያ ዕቃ ለመለየት እንደሚሞክሩ ሲያስረዱ፣ አዳራሹ ከማንኛውም ስላይድ ይልቅ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ስለዚህ ምሁር ሲጋብዙ አጠገቡ ከወለቃ በኩል አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ አንድ ግንበኛ ወይም እንዲህ ያሉ ጠማቂ እናት እንዲቀመጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

ሰዎች ከየቤታቸው የሚያመጡትን ዕቃ በተመለከተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጥብቅ ሥርዐት ያብጁ። አንድ ጊዜ በእንግድነት የመጣ ሰው «አጥንቼ እመልሰዋለሁ» ብሎ የአንዲት ባልቴትን አሮጌ መጅ ይዞ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ከዚያ መንደር ሰው ዳግመኛ ወደ ዝግጅታችን እንዲመጣ ለማድረግ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። አሁን ማንም ከማንም እጅ ምንም ዕቃ አይረከብም፤ ባለቤቱ ፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የት እንደተገኘና በምን ሥራ ላይ እንደወጣ በደብተር ይጻፋል፣ ጥንታዊ የሚመስል ከሆነም አብረን ሄደን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናስመዘግባለን። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይቆፈር ያዝዛል። ይህን በሕግ ቋንቋ ከማንበብ ይልቅ ለምን እንደሆነ ማስረዳቱ ይበልጥ ይሰማል። በየፍርስራሹ ሥር ወርቅ አለ የሚለውን ወሬ አምኖ በሌሊት ዶማ ይዞ የሚወጣ ሰው መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአድማጮቻችን መካከልም ይህን ያደረገ ዘመድ ያለው አይጠፋም። እኔ ለእንዲህ ያለው አድማጭ የምነግረው ስለ ጉልቻ ነው። ሦስቱ ጉልቻ አመዱን እንደከበቡ ከተገኙ ምድጃ እንደነበረ፣ በዙሪያውም ቤተሰብ እንደኖረ፣ በአመዱ ውስጥ ከቀረው ፍሬም ምን እንደተበላ ማወቅ ይቻላል፤ ተነቅለው በየአቅጣጫው ከተጣሉ ግን የሚቀረው ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው።

ወደ ርእሱ ስንመጣ፣ «ግንቡን ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ምንም ርእስ ቢመርጡ መነሣቱ ስለማይቀር፣ ከሚሸሹት ይልቅ በእርሱ ቢጀምሩ ይሻላል። አንዱ ፖርቱጋሎች ናቸው ይላል፤ ሌላው ይህን እንደ ስድብ ቆጥሮ ይነሣል፤ ተናጋሪው ከሁለቱ ለአንዱ ከፈረደ ደግሞ ምሽቱ በዚያው ያልቃል። እኛ የለመድነው ማስረጃውን በዘመን ቅደም ተከተል መዘርጋት ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ሲሆን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያባረሩት ከዚያ ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን በመልእክተኝነት የመጣው አል-ሐይሚ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ከፋሲል ግንብ በፊት በእንፍራዝ አቅራቢያ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ፣ ቀጥሎም የዐፄ ሱስንዮስ የጎርጎራና የደንቀዝ ሕንፃዎች ነበሩ፤ በአዘዞ ያለውን የዚያኑ ዘመን የገነተ ኢየሱስን ስፍራም የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው አጥንተውታል። አድማጩ እነዚህን በየተራቸው ካየ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፤ ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ኖራው የት ተቃጠለ፣ እንጨቱ ከየት መጣ ማለት ይጀምራል። አንድ አረጋዊ ግንበኛ ኖራ እርጥበትን እንዴት እንደሚያስተነፍስ፣ ሲሚንቶ ግን በድንጋዩ ውስጥ እንደሚያፍነው በእጃቸው እያሳዩ ባስረዱበት ዕለት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት የተደረገው ጥገና በኋላ በኖራ መታረም ያስፈለገበትን ምክንያት ልጆች ሳይቀሩ ተረዱት።

ነገር ግን ጎንደር ማለት ግንብ ብቻ እንዳይመስል ቢያንስ አንዱን ንግግር ለጥንቱ ዘመን ያድርጉት። በመተማ ቆላ ከሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተገኘውና ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሽንፋ-መተማ 1 የተባለው ስፍራ ለዚህ የተመቸ ነው። ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ የበተነው፣ ከጠጉር ውፍረት ያነሰ የመስታወት ብናኝ እዚያ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ከእርሱም ጋር የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትናንሽ ሹል ድንጋዮች፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የዓሣ አጥንት ወጥቷል። አጥኚዎቹ ሰዎቹ በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ደረቁን ወራት እንዳለፉት ሲናገሩ፣ ከዚያው አገር የመጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «እኛም በልጅነታችን እንዲሁ እናደርግ ነበር» አለን። ብናኙ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ለማስረዳት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ ጤፍ በመዳፉ አስይዘን «ከዚህ በብዙ እጅ ያንሳል» ማለት በቂ ሆኖ አግኝተነዋል።

ስለ ጊዜው፣ የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅና አስጎብኚዎቹም ስለማይገኙ ይለፉት። የገጠሩ ሰው እንዲመጣ ከፈለጉ አዝመራው እስኪሰበሰብ ይጠብቁ። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቀዳሾቹም አስቀዳሾቹም ቤታቸው ገብተው እህል ከቀመሱ በኋላ፣ የተሻለ ሰው እናገኛለን፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን እናቶቹ በሙሉ ገበያ ላይ ናቸው።