75 ሊትር ሪፍ ውስጥ ስንት ዓሣ ይኖራል?

የጠያቂያችን ጉዳይ ይህ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 75 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አላቸው። ሥራ ከጀመረ አራት ወር ሆኖታል። ለስላሳ ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) እና ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሣዎች ይኖሩበታል፤ እንዲህ ኮራል ያለበት አኳሪየም ሪፍ ይባላል። «ለሁለት ሊትር አንድ ሳንቲ ሜትር ዓሣ ሲባል ሰምቻለሁ። በዚህ ሒሳብ ገና አምስት ትንንሽ ዓሣ መጨመር እችላለሁ። አንዱ ብሉ ታንግ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ምን ይላሉ?» ብለዋል።

አንድ ይጨምሩ። ቢበዛ ሁለት። ብሉ ታንጉ ግን አይታሰብም።

የሰሙት ሒሳብ ሪፍ ላይ አይሠራም። የዓሣ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፤ በቁመት ብቻ ሳይሆን በወርድም በውፍረትም ያድጋላ! የሚበላው፣ የሚተነፍሰውና የሚያወጣው ቆሻሻ አብሮ ይጨምራል። ብሉ ታንግ ሲሸጥ ጣት ያክላል። ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የእርስዎ አኳሪየም ግማሽ ማለት ነው። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያስቡት ሲያድግ የሚኖረውን መጠን ይሁን።

75 ሊትሩም ቢሆን 75 አይደለም። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከላይ ያልሞላው ክፍል ሲቀነስ ትክክለኛው ውሃ ብዙ ጊዜ 60 ሊትር አካባቢ ነው።

ታዲያ በምን እንወስን? እኔ የማምነው በናይትሬት ነው። ዓሣው የሚበላው ምግብ መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ መጨረሻ ላይ ናይትሬት ይሆናል። ዓሣ ብቻ ባለበት አኳሪየም ናይትሬት ትንሽ ከፍ ቢል ያን ያህል አያሳስብም። ኮራል ሲኖር ግን ነገሩ ይለያል። እኔ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን እመርጣለሁ። ዜሮ ይሁን ብሎ መጨነቅም ልክ አይደለም፤ ኮራሎቹም ከዓሣው ቆሻሻ ይጠቀማሉ፣ ባዶ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይነሳል።

አሁን ይለኩ። ውሃ በቀየሩ ማግስት ናይትሬቱን ይመዝግቡ። የተለመደውን ምግብ እየሰጡ ሳምንት ይቆዩና ከቀጣዩ ቅየራ በፊት ደግመው ይለኩ። ልዩነቱ ሳምንታዊ ጭማሪዎ ነው። ጭማሪውን ለሚቀይሩት የውሃ ድርሻ ያካፍሉት። ለምሳሌ በሳምንት 2 የሚጨምር ከሆነና በየሳምንቱ 20 በመቶ ውሃ የሚቀይሩ ከሆነ፣ 2 ለ0.2 ሲካፈል 10 ይመጣል። ናይትሬቱ ከጊዜ በኋላ ከፍ ብሎ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ጭማሪው 4 ከሆነ ግን 20 ድረስ ይወጣል። ይህ የሚሠራው የሚጨምሩት አዲስ ውሃ ራሱ ናይትሬት ከሌለው ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ ይለኩት።

ሁለት ዓሣ ላለው ሰው ሦስተኛ መጨመር ማለት ምግቡን በግማሽ ያህል መጨመር ነው። አሁን 10 ላይ የሚቆም ከሆነ ወደ 15 ይሄዳል ማለት ነው። ይህን በውሃ ቅየራ ወይም በተሻለ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ እየለቀመ የሚያወጣ መሣሪያ) መመለስ ይቻላል። ሰባት ዓሣ ሲሆን ግን በየቀኑ ባልዲ ይዘው መቆም ነው።

በነገራችን ላይ፣ ትንሽ አኳሪየም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከቆሻሻው በፊት የሚመጣው ጠብ ነው። ክላውንፊሾቹ ሰፈራቸውን ይዘዋል፣ አዲስ መጤ አይወዱም። ስለዚህ በመልክም በመኖሪያም የማይመስላቸውን ይምረጡ። አሸዋ ላይ የሚውል ቢጫ ዋችማን ጎቢ ጥሩ ነው። ድንጋይ ስር የሚሸሸግ ሮያል ግራማም ይሆናል። ፋየርፊሽ ሰላማዊ ነው፣ ግን ይዘላል፤ ከላይ መረብ ከሌለ ጠዋት ወለል ላይ ያገኙታል። ዳምሰል ርካሽና ቆንጆ ጉልቤ ነው፣ ይለፉት። ማንዳሪን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚለቅመው ኮፔፖድ የምትባል ጥቃቅን ሕይወት ነው። በአራት ወር አኳሪየም ውስጥ በረሃብ ይሞታል።

አዲሱን ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው አቆይተው በሽታ እንደሌለበት ይዩ። ሲያስገቡት መብራት ያጥፉ፤ ነባሮቹንም ቀደም ብለው ያብሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያ ይለኩ፣ አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ ከአዲሱ ጭነት ጋር እስኪመጣጠን ጊዜ ይወስዳል። አራተኛውን ለማሰብ ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቁና ያንኑ የናይትሬት ሒሳብ ይድገሙት።

ኦክስጅንንም አይርሱ። ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ከቀዝቃዛና ጨው አልባ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ሌሊት ኮራሉም አልጌውም ከዓሣው ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ስለዚህ ፓምፑ የውሃውን ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ማንቀሳቀስ አለበት። ንጋት ላይ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ካዩ፣ አራተኛውን አይግዙ። መጀመሪያ የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ያዙሩት።