ጥያቄና መልስ፦ ዓይነቱ ያልታወቀ ፓርቲሽን በተርሚናል ሲመረመር

ፓርቲሽን ማለት ከዲስክ ተከፍሎ ራሱን ችሎ የሚያዝ ክፍል ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትጽፏቸው ግን ሌላ ካላልኩ በቀር በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይሁን።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ የደንበኞቼ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ስሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሺ የሚለውን በፍጹም አይጫኑ። ዊንዶውስ የማያውቀውን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ሁሉ ፎርማት እንዳልተደረገ ስለሚቆጥረው፣ ጥያቄው ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) ባለበት ፍላሽ ያስነሡና ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ብለው ይጻፉ፤ የየፓርቲሽኑን ፋይል ሲስተም በዝርዝር ያሳይዎታል። የዓይነቱ ቦታ ባዶ ከሆነ «ሱዶ ቢኤልኬአይዲ -ፒ» ብለው የፓርቲሽኑን አድራሻ (ለምሳሌ /dev/sdb1) ያስከትሉ፤ ይህ ቀድሞ የተቀመጠ መረጃ ሳይጠቀም ዲስኩን በቀጥታ ያነባል። «ኤክስት4» ካለ ፓርቲሽኑ የሊኑክስ ነውና ፎቶዎቹን እዚያው ኡቡንቱ ላይ ሆነው ለመገልበጥ ይሞክሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ «ኤፍዲስክ -ኤል» ዓይነቱን 07፣ ስሙንም ኤንቲኤፍኤስ ይለዋል፤ ቢኤልኬአይዲ ግን ኤክስፋት ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ቢኤልኬአይዲን እመን። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስፋት ሁለቱም ዊንዶውስ የሚያውቃቸው ፋይል ሲስተሞች ናቸው። በአሮጌው የኤምቢአር ሠንጠረዥ (የፓርቲሽኖቹ ዝርዝር በዲስኩ መጀመሪያ ላይ በሚቀመጥበት) እያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት መዝገብ ሲኖረው፣ ዓይነቱን የሚናገረው 5ኛው ባይት ብቻ ነው፤ 07ን ደግሞ ኤንቲኤፍኤስም ኤክስፋትም ይጋሩታል። ከዚህም በላይ ፓርቲሽኑ በኋላ በሌላ ፋይል ሲስተም ፎርማት ቢደረግ ይህ ባይት ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ጆንያው ላይ «ጤፍ» ተብሎ ቢጻፍም፣ አፉ ተፈትቶ ካልታየ ዳጉሳም ሊሆን ይችላል። ኤፍዲስክ የጆንያውን ጽሑፍ ያነባል፣ ቢኤልኬአይዲ ግን እህሉን ይዘግናል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ቢኤልኬአይዲም ምንም ካልመለሰ?

መልስ፦ ያን ጊዜ ባይቶቹን በዓይን ማየት ነው። «ሱዶ ሄክስደምፕ -ሲ -ኤን 2048» ብለው («ሲ»ን ብቻ በትልቁ ፊደል C) የፓርቲሽኑን አድራሻ ያስከትሉ፤ ትእዛዙ ያነባል እንጂ አይጽፍም። 00000430 ከሚለው መስመር 9ኛውና 10ኛው ባይት «53 ኢኤፍ» ከሆኑ የኤክስት ቤተሰብ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙ በግልጽ ይነበባል፤ «-ኤፍቪኢ-ኤፍኤስ-» ካለ ግን በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ስለሆነ ያለ ቁልፉ አይደከምበት። ሁሉም ዜሮ ከሆነ የፓርቲሽኑ መነሻ ተዛብቶ ሊሆን ይችላልና፣ ዲስክ በሚገለብጠው «ዲዲሬስኪው» ሙሉ ቅጂ ወስደው ቅጂውን የጠፋ ፓርቲሽን በሚፈልገው «ቴስትዲስክ» ይፈትሹ። እኔ አንድ ጊዜ ስቸኩል «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» የሚባሉትን የዲስክ ስሞች አምታትቼ የራሴን ዲስክ ደምስሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑን በኤልኤስቢኤልኬ ሳላይ አልጀምርም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አሮጌ ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ «ኢኢ» የሚባል አንድ ፓርቲሽን አድርጎ ያሳየኛል።

መልስ፦ ዲስኩ ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን የፓርቲሽን ሠንጠረዥ የሚጠቀም ነው። «ኢኢ» ጂፒቲን የማያውቁ ፕሮግራሞች ዲስኩን ባዶ ነው ብለው እንዳይጽፉበት የተቀመጠ መከለያ ሲሆን፣ እውነተኞቹን ፓርቲሽኖች «ሱዶ ፓርትድ -ኤል» ያሳይሃል።