በድጋፍ መግባትና በድጋፍ መመረቅ አንድ አይደሉም

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከገጠር ወረዳ ተነስተሽ ምህንድስና ገብተሻል፤ አሁን የትምህርት ክፍል ምርጫ ደርሶብሻል፤ ልብሽም ያለው ሲቪል ምህንድስና ላይ ነው። አባትሽ ወደ አካውንቲንግ እንድትዛወሪ ይፈልጋሉ፤ ሒሳቡ ከብዶሻል፤ የሳይት ሥራ ለሴት ይሆናል ወይ የሚለውም ያሳስብሻል። ከሁሉ በላይ ግን የክፍልሽ ወንዶች «በቅናሽ የገባች» እያሉ ስለሚጠሩሽ ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠውን የማጠናከሪያ ትምህርት መከታተል አቁመሻል፤ በትምህርት ክፍል ድልድሉ ለሴቶች የሚጨመረው ነጥብም እንዳይታሰብልሽ ማመልከቻ ልታስገቢ አስበሻል። «ዲግሪዬ የራሴ እንዲሆን እፈልጋለሁ» ብለሻል። ፍላጎትሽን አከብራለሁ፤ ማመልከቻውን ግን እንዳታስገቢ አጥብቄ እመክርሻለሁ።

ለሴቶች የሚወሰነው ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ አንድ ኃላፊ አዝኖልሽ የሰጠሽ ችሮታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በበታችነትና በልዩነት ሲታዩ ከቆዩበት ታሪክ የተነሳ በተጨማሪ የድጋፍ እርምጃዎች የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ የፈተና ውጤት ችሎታን ብቻ እንደማይለካ የራስሽ ደብዳቤ ይመሰክራል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ውኃ ቀድተሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ፣ ታናናሾችሽን አስተኝተሽ ደብተር የምትይዢው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ እንደነበር ጽፈሻል፤ ወንድምሽ ግን በዚያው ቤት ከእራት በፊት ጀምሮ ያጠና ነበር። በዚህ ሁኔታ የተገኘ ነጥብ ስለ አእምሮሽ የሚናገረውን ያህል ለጥናት ስለተተወልሽ ሰዓትም ይናገራል።

ወንዶቹ የሚሉት ሁሉ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ከብት ሲጠብቅ አድጎ፣ መብራት በሌለበት ቤት አጥንቶ፣ በጥቂት ነጥብ ተበልጦ የቀረ የገበሬ ልጅ፣ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ከእሱ ባነሰ ነጥብ ስትገባ ቢያይ ቅር መሰኘቱ አይፈረድበትም፤ ጾታን ብቻ የሚያይ ድጋፍ ድህነትን ሊያልፍ ይችላልና። የዚህ መልሱ ግን ለእሱም መጨመር እንጂ ከአንቺ መቀነስ አይደለም። አገራችን ለታዳጊ ክልሎች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ስትወስን ቆይታለች፤ በዚያ መንገድ የገባ ወንድ ግን እስኪመረቅ ድረስ በመግቢያ ነጥቡ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ክርክሩም የእኛ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ የሚገኘው የሲድኒ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ምህንድስና ለመማር ለሚያመለክቱ ሴቶች 10 የማስተካከያ ነጥብ ለመስጠት ሲወስን፣ ብቃት ይጓደላል የሚለው ተቃውሞ እዚያም ተነስቷል።

ለዚህ ተቃውሞ መልሱ ያለው ከመግቢያው በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። በአፕላይድ ማቲማቲክስም ሆነ በኮንክሪት ዲዛይን ለሴት የሚቀርብ የተለየ ፈተና፣ ለሴት የሚደረግ የተለየ እርማት የለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ የማለፊያ ውጤቱም 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ በድጋፍ የገባች ልጅ በድጋፍ ትመረቃለች የሚለው አባባል ሐሰት ነው። አንቺ ተጨማሪውን ነጥብ ብትመልሺ ደግሞ መመለስሽን ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅልሽ አይኖርም፤ ሐሜቱ እንዳለ ይቀጥላል፤ ከሲቪል ምህንድስና ብትቀሪ ግን ጉዳቱ የአንቺ ብቻ ነው።

ሴቶችን ወደ ምህንድስና የማምጣት ጥረት የሚነቀፍበት አንድ ትክክለኛ ምክንያት አለ፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ተማሪዋን በዝቅተኛ ነጥብ ተቀብሎ፣ ኮምፒውተር ነክታ ከማታውቅበት ትምህርት ቤት መምጣቷ እየታወቀ፣ ሲነካካ ካደገ የከተማ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጦ መተው ድጋፍ አይባልም። በአንደኛው ዓመት ከግቢ ስትባረር «ሴት ምህንድስና አይሆንላትም» ለሚለው ሰው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው። አሜሪካ የሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከኮምፒውተር ሳይንስ አዲስ ገቢዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1995 ሴቶቹ 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2000 ግን 42 ከመቶ ደርሰዋል። ይህ የሆነው ፕሮግራሚንግ አስቀድሞ ማወቅ በቅበላው ላይ ይሰጠው የነበረው ክብደት ስለተነሳና የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ተማሪው ይዞት በመጣው ልምድ መጠን ስለተለያዩ ነው፤ ሴቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበርም ተፈጥሯል። እንግዲህ አንቺ በሐሜት ምክንያት የተውሽው የማጠናከሪያ ትምህርት የጠቅላላው ጥረት ዋጋ ያለው ክፍል ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተመለሺ፤ ጓደኞችሽንም ይዘሽ ሂጂ። የሒሳቡም መፍትሔ እዚያው ነው።

ስለ ሳይት የጠየቅሽኝን ያለ ስሜት ልመልስልሽ አልችልም፤ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የሠራሁት በመንገድ ፕሮጀክቶች ላይ ነበርና። «ሳይት ለሴት አይሆንም» የሚለው ሰው የትኛውንም የሕንፃ ግንባታ ቆም ብሎ ይመልከት፤ አሸዋና ድንጋይ በባሬላ የሚያመላልሱት፣ በኮንክሪት ሙሊት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆሙት ብዙዎቹ በቀን ሥራ የተቀጠሩ ሴቶች ናቸው። ለእነርሱ ፀሐዩም አቧራውም ይከብዳቸዋል ብሎ የተከራከረላቸው የለም፤ ክርክሩ የሚነሳው ሴቷ ንድፉን ይዛ ፎርማኑን «ይህ አርማታ ብረት ጎድሎታል፤ ይስተካከል» የምትል መሐንዲስ ስትሆን ነው። ስለዚህ የሚፈራው የጉልበቱ ድካም እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ችግሩ ከሴት ትእዛዝ መቀበል ነው። አዲስ የተመረቁ ሴቶች ለራሳቸው ታስቦ በሚመስል መንገድ ወዲያው ቢሮ ሲመደቡ፣ ከንድፍ ላይ የሥራ መጠን የሚሰላበትን ቴክ ኦፍና የክፍያ ሰርተፊኬት ሲያዘጋጁ ዓመታት ሲያልፉባቸው አይቻለሁ። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አፈሩ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ፣ ኮንክሪቱ እንዴት እንደሚፈተሽ በዓይኑ ያላየ ሰው ፕሮጀክት ሊመራ አይችልም፤ አስኪያጅ ሲፈለግም ስሙ አይነሳም። የልምምድ ጊዜሽ ሲደርስ ሳይት እንዲሰጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አካውንቲንግን የመረጡልሽ ከቤት ሳትርቂ ቶሎ ሥራ ትይዣለሽ ብለው እንደሆነ ጽፈሻል። ምህንድስና አምስት ዓመት መሆኑ ለቤተሰብሽ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ከምረቃ በኋላ ሥራ ወዲያው ይገኛል ብዬም አላታልልሽም። 70 በ30 በተባለው ምደባ አብዛኛው ተማሪ ለዓመታት ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲላክ ስለቆየ፣ በሲቪል ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው። ነገር ግን አካውንቲንግ ተምሮ ሥራ የሚፈልገውም ብዙ ነው፤ አባትሽ የሚያወዳድሩት የአንዱን ችግር ከሌላው ተስፋ ጋር ነው። ደግሞም ወንድምሽን በግል ኮሌጅ ከፍለው እያስተማሩ እንደሆነ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጠቅሰሻል። ለእሱ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ወጪ ሳይቆጠር፣ አንቺ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትቆዪው አንድ ተጨማሪ ዓመት እንደ ሸክም ከተቆጠረ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ ይህንንም በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ልትነግሪያቸው ይገባል። አንቺ ለመናገር ከከበደሽ የሚሰሙትን የቅርብ ዘመድ ወይም የቀድሞ መምህርሽን ይዘሽ ተነጋገሪ።

የካምፕ ኑሮና ትንኮሳ የሚያሰጉሽ መሆኑ ትክክል ነው፤ በድፍረት ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለልምምድ ከመሄድሽ በፊት ለሴቶች የተለየ ማደሪያና መጸዳጃ ስለመኖሩ፣ ሌሎች ሴት ባለሙያዎች እዚያ ስለመሥራታቸውና አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ ጠይቂ፤ ጥያቄውንም በኢንተርንሺፕ አስተባባሪሽ በኩል አቅርቢው፤ የድርጅቱ መልስ በጽሑፍ እንዲሆን ለማድረግ እሱ ከአንቺ የተሻለ አቅም አለው። አጥጋቢ መልስ ካላገኘሽ ሌላ ሳይት ይፈለግልሽ እንጂ ወደ ቢሮ አትመለሺ።