መተግበሪያው የደም ግፊት መለኪያውን ይተካል?

ጠያቂያችን «ጣቴን በስልኩ ካሜራ ላይ ሳሳርፍ ግፊቴን የሚነግረኝ መተግበሪያ አግኝቻለሁ፤ መለኪያውን ልተወው ወይ?» ብለዋል። አይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት እንዲህ ያለ አንድ መተግበሪያ ተፈትኖ፣ ግፊታቸው ከፍ ካለ 10 ሰዎች ወደ 8 የሚጠጉትን ደህና ናችሁ ብሎ አሰናብቷል። እንዲህ ካለው ማጽናኛስ መደንገጥ ይሻላል።

መተግበሪያው የሚጠቅመው በመዝጋቢነቱ ነው። በክንድ ላይ በሚጠመጠመው መለኪያ ይለኩና ቁጥሩን ያስገቡ፤ ብሉቱዝ ካለው ራሱ ያስተላልፋል። እኔ በደብተር ስመዘግብ ደህና የወጣውን ብቻ እየጻፍኩ ራሴን አታልል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ደረጃ ወጥቼ፣ ትንፋሼ ሳይሰበሰብ፣ በሹራብ እጅጌ ላይ ለክቼ 158 በ96 አየሁ። አረፍ ብዬ ክንዴን ገልጬ ስለካ 136 በ84 ሆነ። ስለዚህ 5 ደቂቃ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ይቀመጡ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን፤ ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡናና ሲጋራ ይቅሩ። ጠዋትና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀናት ለክተው አማካዩን ለሐኪምዎ ያሳዩ። በቤት ልኬት 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል።

የመድኃኒት ሰዓት ማስታወሻውንም ይክፈቱት፤ ግራፉን አይተው ግን መጠኑን በራስዎ አይቀንሱ፣ አይጨምሩም። ግፊትዎ 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ከተሰማዎት ስልኩን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።