«እንደ ማንኛውም ልጅ» ያልሽው ነገር

እህቴ፣ ከአዘዞ የላክሽውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ታናሽ ወንድምሽ 27 ዓመቱ ነው። ከሰዓት ጫት ይቅማል፣ ማታ ለጨብሲ አረቄ ይጠጣል። ሲናደድ ዕቃ ይሰብራል፤ በማግስቱ እግርሽ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ማንንም አያምንም። «ሱሱ ነው ወይስ ባሕርይው? ከልጅነቱም አመለኛ ነበር» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔን ግን አንዲት መስመር ያዘችኝ። «አባታችን ነፍሱን ይማረው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ በርበሬ አጥኖታል፣ አስሮ ገርፎታል። መጠጥ የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው» ብለሽ ወዲያው ወደ ጫቱ ተመለስሽ።

እስቲ ቅደም ተከተሉን እይው። መጀመሪያ በርበሬው፣ ቀጥሎ መጠጡ፣ አመሉ ደግሞ ከዚያ በኋላ። ሱስ ካለባቸው ሰዎች መካከል የስብዕና መታወክ፣ ማለትም ሥር የሰደደና ኑሮን የሚያውክ የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የባሕርይ መዛባት፣ የሚበዛው በልጅነታቸው የተደበደቡትና ችላ የተባሉት፣ ገና በለጋ ዕድሜ የጀመሩት፣ ከአንድ በላይ ሱስ ያለባቸው ላይ ነው። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም አለ። ልጅ ንዴቱን መግታት፣ ሰው ማመን፣ አጥፍቶ ይቅርታ መጠየቅ የሚለማመደው በዚያ ዕድሜ ነው። ወንድምሽ ያን ጊዜ ፍርሃቱን በመጠጥ ሲያስተኛ አሳለፈው። አለማመኑም ያኔ ጠቅሞት ይሆናል፤ በዚያ ቤት ማመን ያስገርፋል። የተገረፈ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፣ ልክ ነሽ። ግን «አመለኛ» የሚለው ቃል ለአንቺም መሸሸጊያ የሆነሽ ይመስለኛል። ክፋቱ አብሮት ከተወለደ አባትሽን ማንሳት አያስፈልግም። ሙት ወቃሽ መሆን ያስፈራል፤ ይገባኛል። ሸክሙን ሁሉ ለወንድምሽ ማሸከም ግን ፍትሕ አይመስለኝም።

ለሕመሙ ስም እንድሰጠው አትጠብቂኝ። ምርቃናና ስካር ራሳቸው ሰውን ተጠራጣሪና ቁጡ ያደርጋሉ። ሐኪምም ቢሆን ከሱሱ ርቆ ሲቆይ አይቶ፣ የልጅነት ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚለየው። ቢቻል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብራችሁ ሂዱ። አረቄውን በአንድ ቀን ቁረጥ አትበይው፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል። ጠበል ከሄደም መድኃኒት ታዞለት ከሆነ አያቋርጥ። እጁን ካነሳብሽ ግን ከቤት ውጪ፤ የልጅነት ቁስሉ አንቺን ለመምታት ፈቃድ አይሆነውም።

ጊዜ ይወስዳል፤ ምናልባትም ዓመታት። እስከዚያው አንድ ጠዋት፣ ሳይጠጣና ሳይቅም፣ ስለዚያ በርበሬ ጠይቂው። ሲነግርሽ አባትሽን አትከላከዪ። ዝም ብለሽ ስሚው።