ቅዳሜና እሁድ በባሕር ዳር፣ ከእናት ጋር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። በጥቅምት እናቴን ባሕር ዳር ላስጎበኛት አስቤያለሁ። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ጉልበቷን ያማታል። ገዳም መሳለም ግን ነፍሷ ነው። ያለን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ዘጌን፣ ጢስ ዓባይንና ቤዛዊትን ጽፌ ይዣለሁ። ጊዜው ይበቃናል? የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሻቸው ሁለቱን አሁኑኑ ሰርዢ። ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አይገባባቸውም። እናትሽ ይህን ጀልባ ላይ ከሚሰሙት ቤታቸው ሳሉ ይወቁት። ዳጋ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የአፄ ፋሲልን አፅም አያለሁ የሚል ወንድም ካለሽ ሌላ ጊዜ እሱ ይሂድበት።

ከቻልሽ ዓርብ ግማሽ ቀን አስፈቅጂና ባሕር ዳር እደሩ። ጣና የጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ሞገዱ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ደግሞ ከምትወዛወዝ ጀልባ መውረድ ፈተና ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ላይ ሁኑ። ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በጀልባ? የት የት ያቆማል? መቆያውስ ተጨምሯል? ወደቡ ላይ መጀመሪያ የሚጠራልሽ ዋጋ ለወሬ ያህል ነው፤ አትደንግጪ። ሌላ ቤተሰብ ካገኛችሁ ተዳብላችሁ ውጡ። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን፣ በነጻም ቢሆን፣ አትውጡ።

ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄዳላችሁ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ከዘራ ያዙ፤ እያረፋችሁ ውጡ። በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም ስለከለከሉ ነው ይላሉ፤ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር የተሰጠው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እዚህ አትቸኩሉ! የበላዔ ሰብእን ሥዕል ፈልጉ። በጥርኝ ውኃ የዳነበትን ታሪክ እናትሽ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ አስጎብኚው ትንሽ ዝም ይበልና እሳቸው ይንገሩሽ። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋቸዋል። የመግቢያ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጉልበታቸው ከፈቀደ አዝዋ ማርያምም እዚያው ቅርብ ናት። ስትመለሱ ጀልባው እንጦስ ኢየሱስ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነው። ከክብራን አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ።

ምሳ ሐይቁ ዳር አሳ ብሉ። ዕለቱ ጾም ከሆነ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናትሽና ለነፍስ አባታቸው እተወዋለሁ።

ቤዛዊት ለማምሻ ይበቃል። የጃንሆይን ቤተ መንግሥት ከውጭ ነው የምታዩት፤ ዓባይን ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ማየቱ ግን ደስ ይላል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በባጃጅ ተሻገሩት።

እሁድ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አስቀድሱ። በግቢው ያለውን አሮጌ የድንጋይ ግንብ እግረ መንገዳችሁን እዩት። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጢስ ዓባይ ውጡ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቅምትን መምረጥሽ ብልህነት ነው። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ይሆናል። ወጣት ብትሆኑ በአላታ ድልድይ በኩል ሂዱ እላችሁ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ግን በዚያ በኩል ዳገት አለ። ለእናትሽ የሚሻለው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን መሄድ ነው። ፏፏቴው ሥር እንውረድ የሚል ልጅ ቢመጣ አመስግናችሁ እለፉ፤ ያዳልጣል።

ከ8 ሰዓት በፊት የመልስ ጉዞ ጀምሩ። በሌሊት አትጓዙ። ከፍኖተ ሰላም ሳትነሱም የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄደሽ ሾፌሮቹን ጠይቂ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነኝ። ጢስ ዓባይን ለማየት በየካቲት ልምጣ?

መልስ፦ ለፏፏቴው ብቻ ከሆነ አትልፋ፤ መስከረምን ጠብቅ። ለዘጌ ከሆነ ግን ና፤ መንገዱ ጭቃ የለውም።